የተበደለ ሲፈርድ

የሚወደውን መጽሐፍ ጨርሶ ከደራሲው ጋር ያልተጣላ አንባቢ ይኖራል ብዬ አላምንም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» መጨረሻውን ርእሱ ላይ ጽፎ የቀረበ መጽሐፍ ነው። እንዲያም ሆኖ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው እኛ የሞጣ ልጆች ሬዲዮ ካለበት ቤት ደጃፍ ተኮልኩለን፣ በዛብህ ይተርፋል ብለን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ እንጠብቅ ነበር። አልተረፈም። ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ ከጉዱ ካሳ ጋር ያን ሁሉ አገር አቋርጣ የደረሰችው ለመሰናበት ብቻ ሆነ። ከመካከላችን አንዱ፣ ዛሬ የልጆች አባት የሆነ ሰው፣ «ምናለበት አንድ ቀን ቀደም ብላ ብትደርስ!» እያለ ሳምንት ሙሉ ሲብከነከን ከርሟል።

በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ቬሮኒካ ሮት የተባለች አሜሪካዊት ለወጣቶች የጻፈችውን ባለ ሦስት መጽሐፍ ታሪክ ስትቋጭ ዋናዋን ልጅ በመግደሏ ብዙ አንባቢዎቿ ክፉኛ ተቆጥተውባታል። እኛም ዘንድ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ወጣቱ «ራማቶሓራ»ንና «ዣንቶዣራ»ን እንዴት ይሻማ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው፣ ተከታታይ መጽሐፍ በለጋ አንባቢ ላይ ያለውን ሥልጣን አይስተውም።

ይህ ሁሉ ግን ደራሲው የምንወደውን ሰው ስለገደለብን የምንጣላው ጠብ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ከዚህ የከበደውን ነው። የምንወደው ሰው ሌላውን ሲገድል፣ እኛም እሰየው ስንል፣ ያ እሰየው ምን ይባላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ሞጣ አማርኛ አስተማሪ ነኝ። የእህቴ ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ትምህርት በብዙ ቦታ ተቋርጦ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ቤት ውለዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ወራት ጠፍቶ ነበር። ልጆቹ ያን ጊዜ ያሳለፉት መጽሐፍና ፊልም በሚሞሪ ካርድ እየተቀባበሉ ነው። ለእርሷ የደረሷት ሱዛን ኮሊንስ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 ያሳተመቻቸው ሦስት መጻሕፍት ናቸው። የመጀመሪያው ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የረሃብ ጨዋታ» ማለት ነው። (እኛ አገር ረሃብንና ጨዋታን አንድ ርእስ ላይ አጣምሮ የሚጽፍ የሚነሣ አይመስለኝም፤ የ1965ቱንና የ1977ቱን ያየ ሕዝብ ቃሏን እንደዋዛ አያነሣትም።)

ልጅቷ እንግሊዝኛው ከብዷት ነበር። ግን መስተዋቱ በተሰነጠቀ ስልክ፣ መዝገበ ቃላት ከጎኗ አድርጋ፣ ማታ ማታ አነበበችው። በማግስቱ ደግሞ ከእህቴ ግቢ ባሕር ዛፍ ሥር ጓደኞቿን ሰብስባ በአማርኛ ትተርክላቸዋለች። ከጓሮ ሆኜ ስሰማት ያስገረመኝ ትርጉሟ ነው። ታሪኩ የሚፈጸምበት አገር በዋና ከተማና በቁጥር በሚጠሩ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። እርሷ ያላንዳች ማመንታት «ወረዳ» ብላቸዋለች። ዋናዋ ልጅ የወረዳ 12 ልጅ ናት፤ ዓመፀኞቹ የተነሡት ከወረዳ 13 ነው። ወታደሮቹ «ሰላም አስከባሪዎች» ናቸው። ከሰሚዎቿ አንዷም «ይህ የት አገር ነው?» ብላ አልጠየቀችም።

መጽሐፉን ላላነበበ አንባቢ ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። የወደፊቱን ዘመን ጨለማ አድርገው ከሚስሉት ልብ ወለዶች አንዱ ነው። የአገሩ ስም ፓኔም ይባላል፤ ቃሉ የላቲን እንጀራ ነው፤ የጥንቶቹ የሮማ ገዦች ሕዝቡን በእንጀራና በትርዒት ይሸነግሉት ነበር ከሚለው አባባል የተወሰደ። ከብዙ ዘመን በፊት ላመፁበት ቅጣት፣ ከአሥራ ሁለቱ ወረዳዎች በየዓመቱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ፣ ከ12 እስከ 18 ዓመት የሆኑ፣ በዕጣ ይወሰዳሉ። ሃያ አራቱ ልጆች አንድ ሜዳ ገብተው አንዱ ብቻ እስኪቀር ይጋደላሉ፤ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን ያያል። ደራሲዋ ሐሳቡ የመጣላት አንድ ማታ የቴሌቪዥን ጣቢያ ስትቀያይር የወጣቶች ውድድርና የኢራቅ ጦርነት ምስል ዓይኗ ላይ ተደበላልቀውባት እንደሆነ ተናግራለች። እኔን ግን ይበልጥ የያዘኝ ትንሽ ዝርዝር ነው፤ የተራበ ቤት ልጅ ስሙን በዕጣው ውስጥ ደጋግሞ ካስገባ ለአንድ ሰው የሚሆን እህልና ዘይት ይሰፈርለታል። ስለዚህ ዕጣው ለሁሉም እኩል ነው እየተባለ የድሃው ልጅ ስም በሣጥኑ ውስጥ ይበዛል። ራሽን ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ይህን ያለ አስተማሪ ይረዳዋል።

ካትኒስ የምትባለው ልጅ ወደ ጨዋታው የገባችው ዕጣው ለታናሽ እህቷ ለፕሪም ስለወጣ ነው፤ በእህቷ ፈንታ ራሷን ሰጠች። ሦስቱ መጻሕፍት ከዚህ ይነሣሉ። በመጨረሻው ዓመፀኞቹ ዋናውን ከተማ ከበቡት። የፕሬዚዳንት ስኖው ቤተ መንግሥት ደጃፍ የከተማው ሕፃናት ታጉረዋል። ከሰማይ ትንንሽ ጃንጥላዎች ወረዱ። በጨዋታው ጊዜ ስጦታ የሚወርደው በእነዚህ ነበርና ሕፃናቱ እጃቸውን ዘረጉ፤ ፈነዳባቸው። የዓመፀኞቹ ሐኪሞች ሊረዱ ሲሮጡ ደግሞ ሳይፈነዱ የቆዩት ፈነዱ። ከሐኪሞቹ መካከል ፕሪም ነበረች። ያን ቦምብ የጣለው ወድቆ የነበረው መንግሥት ሳይሆን የራሷ ወገን፣ አዲሷ መሪ ኮይን እንደሆነች ካትኒስ በኋላ ትሰማለች። የወጥመዱ ሐሳብ ደግሞ የልጅነት ጓደኛዋ ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ ሲያወጣና ሲያወርደው የነበረ ነው። መጀመሪያ አቁስል፤ ሊረዳ የሚሮጠውን ሁለተኛ ግደል።

ካትኒስ ስኖውን በአደባባይ በቀስት እንድትገድል ተፈቀደላት። ቀስቷን ወጠረች፤ ከዚያም ወደ ላይ አንሥታ ኮይንን ገደለቻት።

«ጋሼ! አዲሷን እኮ ገደለቻት!» ብላ የእህቴ ልጅ የመጣችብኝ በዚያ ማለዳ ነው። ሌሊቱን አልተኛችም። እንዲህ ያለ መጨረሻ ከየትም መጽሐፍ አንብባ እንደማታውቅ፣ ከእንግዲህም እንደማታገኝ ማለችልኝ። ምክንያቷንም ጠየቅኋት። «የወደቀውንማ ማንም ይገድለዋል። እርሷ ገና ያልወደቀችውን አየቻት» አለችኝ።

ይህች መልስ እንደዋዛ የምትታለፍ አይደለችም። በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ባላት ዘመን ውስጥ ተቀምጣ፣ የተበዳይ ሠራዊት አሸንፎ ሲገባ እልል ብሎ ከመቀበል በፊት ፊቱን አተኩሮ ማየት እንደሚገባ ከአንድ ልብ ወለድ ካገኘች፣ ያ ልብ ወለድ ከብዙ የሥነ ዜጋ መማሪያ በልጧል። ወጣቶች እንዲህ ያለ ጨለማ መጽሐፍ ማንበባቸው ተስፋ ያስቆርጣቸዋል የሚሉ ወላጆች አሉ። እኔ አልቀበላቸውም። ልጁ ጨለማውን ከመጽሐፉ አላመጣውም፤ መጽሐፉ ስም እንዲሰጠው ይረዳዋል እንጂ። ይልቅስ ተስፋ የሚያስቆርጠው፣ ጭቆና በአንድ ድል ያበቃል ብሎ የሚሸኘው መጽሐፍ ነው፤ ልጁ ከበር ሲወጣ ውሸቱን ያገኘዋልና።

ጠባችን የመጣው ስልኳን ተውሼ፣ በመነጽር ሁለት ሳምንት ፈጅቼ፣ እኔም ካነበብኩት በኋላ ነው። ከቀስቱ በፊት ጥቂት ገጾች ቀደም ብሎ ልጅቷ ለጓደኞቿ ስትተርክ እየዘለለች ያለፈችው ነገር አለ። ኮይን ከጨዋታው በሕይወት የተረፉትን ሰባት ሰዎች በአንድ ክፍል ትሰበስባለች። ሕዝቡ በቀል ይፈልጋል ትላቸዋለች። ከተማውን ሁሉ ከመፍጀት ይልቅ አንድ የመጨረሻ ጨዋታ እናድርግ፤ ዕጣው ግን በከተማው ልጆች፣ በገዦቹ ዘመዶች ልጆች ላይ ይውጣ። ድምፅ ስጡ። ሦስቱ አይሆንም አሉ። ሁለቱ ይሁን አሉ። ካትኒስ፣ ስለ እህቷ ስትል፣ ይሁን አለች። የቀረው ሽማግሌ ከእርሷ ጋር ነኝ አለ። አራት ለሦስት።

«አታለለቻት እኮ ነው!» አለችኝ የእህቴ ልጅ። «ኮይን እንድታምናት ነው ይሁን ያለችው። ልትገድላት ያኔ ቆርጣለች።»

ብዙ አንባቢ እንዲህ ይላል፤ መጽሐፉም አይከለክልም። ግን እንደ እርሷ ይሁን። ማታለል ነው ብንል እንኳ ካትኒስ በዚያች ደቂቃ ሃያ አራት የማታውቃቸውን ሕፃናት መያዣ አድርጋ አስይዛለች። ቀስቱ ቢስት፣ ጠባቂ ቢቀድማት፣ ኮይን ያን ቀን አደባባይ ባትወጣ፣ ዕጣው ይወጣል፤ ድምፁ የእርሷ ነበር። የሕፃናትን ሕይወት ለሌላ ዓላማ መገልገያ ማድረግ ደግሞ የጃንጥላዎቹ ቦምብ ሐሳብ ራሱ ነው። ይህን ስላት ልጅቷ ለአፍታም አላሰበችበትም፤ «እርሷ እኮ ስታ አታውቅም፣ ጋሼ» አለችኝ። ሳልወድ ሳቅሁ። የሚተማመኑበት ዓላሚ ያለው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።

የከተማ አንባቢ ምናልባት ይህ ክርክር ከወረቀት የማያልፍ ይመስለው ይሆናል። እኛ አገር ግን «ደመኛ» የሚል ቃል አለ። አባቱ ሰው ሲገድል እርሱ በእናቱ ማህፀን የነበረ ልጅ ሲወለድ ዕዳ ይዞ ይወለዳል። የሚሄድበት ገበያ፣ የሚስምበት ቤተ ክርስቲያን፣ የሚያገባበት ቤት ሁሉ በሟች ዘመዶች ዓይን ይለካል። ሽማግሌዎች ገብተው፣ ካሳው ተቆርጦ፣ ቂም በመሐላ እስኪደርቅ ድረስ ያ ልጅ ያላጠፋውን ይጠበቃል። የኮይን ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በአገር ስፋት የተዘረጋ ደም መመለስ ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለውን ተረት ሁላችንም እንጠቅሰዋለን። ልክ ነው፤ አይረሳም። ነገር ግን ተረቱ የተወጋው እንደማይረሳ ይነግረናል እንጂ የተወጋው በትክክል ይፈርዳል አይልም። እኛ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ጋር ደርበን ነው የምንሰማው።

ይህን ስል ተበዳይ ዝም ይበል ማለቴ አይደለም። እርሳ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በዳዩ ራሱ ወይም ከበደሉ ያተረፈው ነው። ተበዳይ ይክሰስ፣ ይመስክር፣ ካሳ ይጠይቅ፤ በደሉን ከእርሱ የበለጠ የሚያውቀው የለም። የምለው አንድ ነገር ነው። ቁስል ስለ ቁስሉ ምስክር ይሆናል፤ ስለ ቅጣቱ ልክ ግን ዕውቀት አይሰጥም። ለዚህም ማስረጃው እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ከሰባቱ መካከል ፒታ የሚባለው ልጅና ጆሃና የምትባለዋ ሴት በከተማው እስር ቤት ጎን ለጎን ታስረው የተሠቃዩ ናቸው። ፒታ አእምሮው እስኪዛባ ድረስ ተሠቃይቷል። ጆሃና ይሁን አለች፤ ፒታ ከሁሉም ቀድሞ አይሆንም አለ። አንድ እስር ቤት፣ አንድ አሠቃይ፤ ሁለት ድምፅ። ስለዚህ «ያየሁትን ብታይ እንዲህ ትላለህ» የሚለው መከራከሪያ፣ ሰውን ዝም ለማሰኘት ኃይለኛ ቢሆንም፣ እውነት አይደለም።

እንዲህ ያለ ክፍል በእኛም ታሪክ ውስጥ ነበር። በ1966 ዓ.ም. ያለ ደም የተጀመረ ተብሎ የተወደሰው ለውጥ ዓመት ሳይሞላው፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ ስልሳ ያህል የቀድሞ ባለ ሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ቤት ተገደሉ። ውሳኔው የተሰጠው የደርግ አባላት ስብሰባ ላይ ስም እየተነበበ እጅ በማውጣት ነው። እጃቸውን ያወጡት አብዛኞቹ ከበታች ማዕረግ የመጡ፣ የተናቁና የተጎዱ ወታደሮች ነበሩ፤ የወሎን ረሃብ የሸሸገ መንግሥት ላይ የነበራቸው ቁጣም ከንቱ አልነበረም። ዜናው በማግስቱ ሲነገር ደስ ያለው ሰው ጥቂት አይደለም። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ቀይ ሽብር መጣ፤ እሰየው ካሉት መካከል የብዙዎቹ ልጆች በየመንገዱ ተረፈረፉ። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት «ታዲያ ያኔ አንድ ካትኒስ ጠፋች» አለችኝ። ሁለታችን የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። እኔ ያኔ የጠፋው ቀስተኛ አይመስለኝም። ቀስተኛማ ሞልቶ ነበር፤ ደርግም ቢሆን ከውስጥ እርስ በርሱ ሲገዳደል ነው የኖረው፤ አንዱ ሊቀመንበር ሲወድቅ ሌላው እየተተካ። የጠፋው፣ ስም እየተነበበ ሳለ እጁን የማያወጣ ሰው ነው። አንድ ሁለት ከነበሩም ቁጥራቸው አልበቃም።

እዚሁ አገራችን ላይ የተጻፈውንም ላስታውሳት ሞከርኩ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ከቢቸና ብዙም በማይርቀው በዲማ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ግብር ሲበዛባቸው በአበጀ በለው መሪነት ያምፃሉ፤ ፊታውራሪ መሸሻን ይማርካሉ። እኚያ ኩሩ ሰው ከባላገር እጅ ወደቁ። ሐዲስ ግን ገበሬዎቹ እንዲገድሏቸው አላደረጉም። በልጅነቴ ይህን ስሰማ ድክመት መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ከመጽሐፉ ብርታቶች አንዱ ነው እላለሁ። ፊታውራሪ ቤታቸው ገብተው በኩራታቸው ላይ መኖራቸው የአንባቢን አንጀት ያቃጥላል፤ ታሪኩም በእርሳቸው ምክንያት ወደ መቃብር ይሄዳል። ደራሲው ምሕረት ዋጋ እንደሚያስከፍል አልደበቁንም። መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የሞጣና የቢቸና ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ በእውን ተነሣ፤ መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከበት፤ በመጨረሻ ግብሩ ሳይሰበሰብ ቀረ፣ እንደራሴው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም ከጎጃም ተነሥተው ተዛወሩ። የዚህ ሕዝብ ልጆች ስለ ዓመፅ ከኮሊንስ የሚማሩት ብዙ አይደለም። የሚማሩት፣ ዓመፁ ካሸነፈ በኋላ በክፍሉ ውስጥ ስለሚሆነው ነው።

ልጅቷ መጨረሻውን መውደዷን አልነቅፍባትም፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ግን የወደድነው አንድ መጨረሻ አይደለም። ኮሊንስ ቀስቱ ላይ አላቆመችም። ካትኒስ ወደ ፈረሰችው ወረዳ 12 ትመለሳለች፤ ከጓደኛዋ ጋር ትለያያለች፤ ቦምቡ የእርሱ መሆን አለመሆኑን ራሱም በእርግጥ አያውቅም፤ ያ አለማወቅ ብቻውን ይበቃል። ከዓመታት በኋላ ከፒታ ሁለት ልጆች ትወልዳለች። ልጆቹ የሚጫወቱበት ለምለም ሜዳ የወረዳው ሰው በጅምላ የተቀበረበት ነው፤ አያውቁም። ቅዠቱ አልለቀቃትም። የእህቴ ልጅ ይህን ምዕራፍ «አሰልቺ» አለችው። ፒታንም «ልፍስፍስ» ትለዋለች፤ ከጓደኞቿም የፒታ ደጋፊ አንዲት ብቻ ናት አሉ፤ እርሷም መልኩን በፊልሙ አይታ ነው።

ባለፈው እሑድ እንደገና ተነሣ። አይሆንም ካሉት ሦስቱ መካከል አንዱ ቢቲ የሚባለው የመሣሪያ ሠሪው እንደሆነ አሳየኋት። የወጥመዱን ሐሳብ ከካትኒስ ጓደኛ ጋር ያወጣና ያወርድ የነበረው እርሱ ነው። ምናልባት ቦምቡን የሠራው ይሆናል፤ ምናልባት ፕሪምን የገደላት የእርሱ እጅ ሥራ ነው። እርሱ አይሆንም አለ፤ እህቷ የሞተችባት ይሁን አለች። ልጅቷ ስልኳን ወስዳ ገጹን ፈልጋ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ብዙ ዝም አለች።

«እርስዎ በዚያ ክፍል ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር?» አለችኝ።

ከፒታ ጋር አልኋት።

«ጋሼ፣ የሞተችው እኮ እህቷ ናት። የእርስዎ እህት እናቴ ናት» አለችኝ።

እህቴ የቡናውን ረከቦት ይዛ ገባች። «ምንድን ነው የምትከራከሩት ደግሞ?» ብላ ጠየቀችን። ሁለታችንም አልመለስንላትም።